ወንዞቻችን ይለኩ፣ ውጤቱም ይነገረን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ስለ ወንዝ ዳር ልማቱ የምታወጧቸውን ዘገባዎች እከታተላለሁ። የምኖረው አራት ኪሎ ስለሆነ ግንፍሌንና ቀበናን ዘወትር አያቸዋለሁ። ዳርቻው አምሮበታል፤ ደስ ብሎኛል። ስለ ውኃው ግን የምንሰማው «ጠርቷል»፣ «ሽታው ቀንሷል» የሚል ብቻ ነው። ቁጥር የለም።

እዚህ ላይ ዓይን አይታመንም። ክረምት ላይ ከእንጦጦ ደፍርሶ የሚወርደውን ውኃ ሰው ሁሉ ያማርረዋል። አብዛኛው ቀለም ግን የአፈርና የበሰበሰ ቅጠል ነው። በጋ ላይ ኩልል ብሎ የሚወርደው ቀጭን ውኃ ደግሞ የሽንት ቤት ፍሳሽ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ዝናብ ስለሌለ ፍሳሹን የሚያቀጥነው ነገር የለም።

ሁለቱን የሚለይ ዘዴ አለ፤ ፍሎረሰንስ ይባላል። ውኃ ውስጥ የሟሟ ብዙ ኦርጋኒክ ቁስ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ የራሱን ብርሃን ይሰጣል። ስሙን ያወጣለት ጆርጅ ስቶክስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1852። ነገሩን ማየት የፈለገ ሰው ሱቅ ውስጥ ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት መብራት ሥር አንድ ብርጭቆ ቶኒክ ያስቀምጥ። ውስጡ ባለው ኪኒን ምክንያት ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጭ ሸሚዝም እንዲሁ ነው። ሳሙናው ውስጥ የሚጨመረው ማንጫ ከልብስ አጠባ ጋር ወንዝ ውስጥ ስለሚገባ፣ እሱ ራሱ የቤት ፍሳሽ ምልክት ሆኖ ያገለግላል።

የወንዝ ውኃም በዚሁ መንገድ ይመረመራል። ከቅጠልና ከአፈር የሚመጣው ሂውሚክ ቁስ የሞገዱ ርዝመት 340 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) አካባቢ በሆነ ብርሃን ሲመታ ከ420 እስከ 460 ናኖሜትር ባለው ላይ ያበራል። ፍሳሽ ውስጥ የሚበዛው ደግሞ ትሪፕቶፋን የሚባል የፕሮቲን አካልና እሱን የሚመስል ቁስ ነው። 280 አካባቢ ሲመታ 350 አካባቢ ያበራል። ይህኛው ብርሃን ለዓይን አይታይም፣ መሣሪያው ግን ይይዘዋል።

ትልቁ ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። ውኃ ውስጥ ያለው ብክለት ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚፈጅ የሚለካው የተለመደው ምርመራ ናሙናውን በ20 ዲግሪ ሙቀት 5 ቀን ማቆየት ይጠይቃል። ባክቴሪያ አሳድጎ መቁጠርም አንድ ቀን ገደማ ይወስዳል። በሌሊት ፍሳሹን ወደ ዝናብ መውረጃ ቦይ የሚለቅ ሰው አለ እንበል። ናሙና ቀጂው ጠዋት ሲደርስ ውኃው አልፎ ሄዷል፤ ማን ተጠያቂ ይሆናል? ወንዝ የሚበክል ይቀጣል ተብሎ ደንብ ወጥቷል፣ ግን ያለ ማስረጃ ማንን እንቀጣለን? ውኃ ውስጥ ተነክሮ የሚቆይ የፍሎረሰንስ መሣሪያ ቀንም ሌሊትም ይለካል። ትሪፕቶፋኑ በስንት ሰዓት እንዳሻቀበ ያሳያል። ከአንድ ቦይ በላይና በታች ሁለት ቢቀመጡ ደግሞ ፍሳሹ ከየት እንደገባ ይታወቃል።

ሁሉንም ያውቃል አላልኩም። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣን ክሮሚየም አይለይም፣ ተህዋስያንንም አንድ በአንድ አይቆጥርም። ውኃው ሲሞቅ ብርሃኑ ይደክማል፣ ጭቃም ያዛባዋል። ስለዚህ ሙቀቱ አብሮ መለካት፣ የክረምት ናሙናም መጣራት አለበት። ላቦራቶሪው ይቀጥል፤ ይህ ግን የት ቦታና መቼ ናሙና መቀዳት እንዳለበት ይጠቁመዋል።

ይህን ሁሉ የምለው ጉዳዩ ከመናፈሻ በላይ ስለሆነ ነው። የመሀል ከተማው ውኃ ወደ አቃቂ ይወርዳል፣ በአባ ሳሙኤል አልፎ አዋሽ ይገባል። በመንገዱ ላይ ሰላጣና ጎመን ይጠጣዋል። አትክልቱ ተመልሶ የሚመጣው እኛው ገበታ ላይ ነው።

ከተማ አስተዳደሩ በቀበና፣ በግንፍሌና በባንቲይቀጡ ድልድዮች ሥር እነዚህን መሣሪያዎች እንዲተክል፣ ውጤቱንም እዚያው ድልድዩ ላይ በሰሌዳ እንዲያሳየን እጠይቃለሁ። መሣሪያውን የሚያጸዱና ንባቡን የሚከታተሉ የኬሚስትሪ ተማሪዎች አራት ኪሎ ካምፓስ ውስጥ አሉ። እናንተም ስለ ወንዞቹ በምትሠሩት በሚቀጥለው ዘገባ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ ውኃው መጨረሻ የተለካው መቼ ነው፣ ውጤቱስ ስንት ነበር?

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ