ደብዳቤ ለልጄ፦ ክኒንህን እንዳታቋርጥ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እህትህ የነገረችኝ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። «ጥሩ ባክቴሪያ» ያለበት እንክብል ገዝተህ የግፊት መድኃኒትህን ትተሃል አሉ። ሐኪምህን ሳታማክር መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ።

እናትህ ባዮሎጂ ስታስተምር ያረጀች ናት፤ የአንጀት ባክቴሪያ ለጤና ይጠቅማል መባሉ ውሸት ነው አልልህም። አንጀታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የእህሉንና የጥራጥሬውን አሰር፣ ሆዳችን የማይፈጨውን ክፍል፣ አብላልተው ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይሠራሉ፤ እርሱም የአንጀትን ግድግዳ ይጠብቃል፣ ብግነትን (የሰውነትን መቆጣት) ያበርዳል። ቀይ ሥጋ ስታበዛ ደግሞ ሌላ ነገር ያመርታሉ፤ ጉበት ያንን ቲ ኤም ኤ ኦ ወደሚባል ውህድ ይለውጠዋል። እዚያው አንተ ባለህበት ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ፣ ተመራማሪዎቹ እነ ስታንሊ ሄዝን በ2011 እ.ኤ.አ. ይህ ነገር ከልብ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ስለዚህ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ብላ፤ ጾሙንም አትሽረው። «እንጀራ ሕያው ባክቴሪያ ነው» ማለትህን ግን ተው፤ የእርሾው ባክቴሪያ ምጣድ ላይ ያልቃል፣ የሚተርፍህ የጤፉ አሰር ነው። እርጎ ብትል ይሻል ነበር። ጉንፋን በያዘህ ቁጥርም አንቲባዮቲክ አትዋጥ፤ ደጉንም ክፉውንም አብሮ ይጨርሳል።

ይህ ሁሉ የክኒንህ ምትክ አይደለም። እንዳታቋርጥ።

አባትህም «ምንም አያመኝም» ብሎ ነበር የተወው። ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት በማር ይበላ ጀመር። ፊቱ ወዝ አወጣ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሻለው አለ፣ እኔም ደስ አለኝ። የፋሲካ ማግስት ሸሚዙን ሲለብስ ጣቶቹ ቁልፉን አልይዝ አሉት። እየሳቀ «ቆልፊልኝ» አለኝ። ከታች ጀምሬ ቆለፍኩለት። አፉ ወደ አንድ ጎን መጣመሙን ያየሁት የአንገቱ ቁልፍ ላይ ስደርስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ማንኪያ ይዘህ ያበላኸው አንተ ነህ። ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበርክ፤ በዚያ ዕድሜህ ያ ሸክም አንተ ላይ መውደቁ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ግፊት አያምም፣ የኔ ጌታ። ስላላመመህ ብቻ እንዳታቋርጥ!

ነገ ፋርማሲ ሄደህ መድኃኒትህን አውጣ። ስንት ቀን እንደተውከውም ለሐኪሙ ሳትደብቅ ንገረው። ግፊትህን ጠዋት ቡና ሳትጠጣ፣ ቁጭ ብለህ ተለካና ቁጥሩን ላክልኝ። ሽሮውን ቅዳሜ ለምትመጣው ለጎረቤታችን ልጅ ሰጥቻታለሁ። ጨው አላስገባሁበትም፤ አንተም እንዳትጨምርበት።

እናትህ