ሕንፃችን ወደ ተማሪዎች መኖሪያነት ስለሚቀየርበት ሁኔታ ለደንበኞቻችን የተላከ ማብራሪያ

ሐምሌ 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በአራት ኪሎ አካባቢ የሚገኘው ሕንፃችን፣ ሱቆቹ ካሉበት የምድር ወለል በስተቀር፣ ከቢሮነት ወደ ተማሪዎች መኖሪያነት እንደሚቀየር ካሳወቅናችሁ ወዲህ በስልክም በአካልም ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። ልጆቻቸውን ያስመዘገቡ ወላጆች አጥብቀው የሚጠይቁን፣ አራት ፎቅ ሙሉ ቦታ እያለ አልጋው ለምን 90 ብቻ እንደሆነና ኪራዩም ለምን ከአንዳንድ ማደሪያዎች ከፍ እንዳለ ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ፣ መልሱን በጽሑፍ ለሁላችሁም እኩል ለማድረስ ይህን ደብዳቤ አዘጋጅተናል።

ወደዚህ ሥራ የገባንበትን ምክንያት ባጭሩ እንግለጽ። በአራት ኪሎ፣ በአምስት ኪሎና በስድስት ኪሎ ያሉት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎችም ሆኑ የየካቲት 12 የሕክምና ኮሌጅ ከሕንፃችን በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። በግቢ ውስጥ ማደሪያ ያላገኘ ተማሪ ቀደም ሲል በዙሪያው ከሚገኙ ግቢዎች አንድ ሰርቪስ ክፍል ፈልጎ ይከራይ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ በፒያሳና በአራት ኪሎ ሲጀመር ግን እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ ሰፈሮች በመነሣታቸው፣ እነዚያ ክፍሎችም አብረው ሄዱ። ቤተ መጻሕፍት አምሽቶ ታክሲ ፍለጋ የሚንከራተት ተማሪ፣ በተለይም ሴት ተማሪ፣ ቅርብ ማደሪያ ሊኖረው ይገባል ብለን ከልብ እናምናለን። የሕንፃ አገልግሎት መለወጥም ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስድስት ኪሎ ያለው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ እስከ ዛሬ የትምህርትና የምርምር ቤት ሆኖ ሲያገለግል፣ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልም በሙዚየሙ ውስጥ እንደተጠበቀ ይጎበኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ቢሮን ከመኖሪያ ቤት ከሁሉ በላይ የሚለየው ሰዓቱ ነው። የቢሮ ሠራተኛ ጠዋት ታጥቦ ይመጣል፤ ቀን ጥቂት ውኃ ይጠቀማል፤ ማታ በሩን ቆልፎ ይሄዳል። ተማሪ ግን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ሁሉም በአንድነት ይነሣል፣ በአንድነት ውኃ ይከፍታል፣ ማታ በአንድነት ምግቡን ያሞቃል፣ ሌሊት ደግሞ በሕንፃው ውስጥ ይተኛል። ለቀን ሥራ የተዘረጋ የውኃ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና ደረጃ፣ ክፍሉ በጂፕሰም ስለተከፋፈለና ቀለም ስለተቀባ ብቻ ይህን ሕይወት ሊሸከም አይችልም። ስለሆነም የአልጋውን ቁጥር የወሰንነው በወለሉ ስፋት ሳይሆን፣ ሕንፃው በጠዋትና በሌሊት ሊሸከም በሚችለው መጠን ነው።

ከሁሉ አስቀድመን ያሰላነው ውኃን ነው። በአካባቢያችን ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ለአንድ ተማሪ በቀን 60 ሊትር ብንይዝ፣ 90 ተማሪዎች በቀን 5,400 ሊትር፣ ውኃ በሚጠፋባቸው ሦስት ቀናት ደግሞ 16,200 ሊትር ያስፈልጋቸዋል። አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አንድ ቶን ስለሚመዝን፣ ይህን ሁሉ ውኃ በሮቶ ሞልቶ ጣሪያ ላይ መደርደር ለዚህ ሸክም ያልታሰበውን የላይኛውን ሶሌታ (የኮንክሪት ንጣፍ) ለአደጋ ማጋለጥ ይሆናል። ስለዚህ ዋናውን ማጠራቀሚያ በጓሮው ከመሬት በታች እየሠራን ሲሆን፣ ጣሪያው ላይ የሚቀመጡት ሮቶዎች ለአንድ ቀን ብቻ የሚበቃ ውኃ የሚይዙና በቀጥታ በኮሎኖቹ (ሕንፃውን በተሸከሙት ምሰሶዎች) አናት ላይ የሚያርፉ ይሆናሉ። መብራት በጠፋ ጊዜም ውኃው ወደ ላይ እንዲወጣ ፓምፑ ከጄኔሬተሩ ጋር ይገናኛል። የተማሪው ቁጥር 140 ቢሆን ኖሮ በጓሮው የቀረን ቦታ ለዚህ ማጠራቀሚያ አይበቃም ነበር።

የመጸዳጃውና የሻወሩ ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙዎቻችሁ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሻወር እንዲሠራለት ጠይቃችኋል። በሕንፃው የቀድሞ አሠራር መጸዳጃ ቤቶቹ በየፎቁ በአንድ ጫፍ፣ አንዱ ከሌላው በላይ ቀጥ ብለው የተቀመጡ ናቸው፤ የፍሳሽ ቧንቧውም በዚያው መስመር ይወርዳል። ከዚህ መስመር ርቆ አዲስ መጸዳጃ ለመሥራት ሶሌታውን በየክፍሉ መብሳትና ቧንቧውን ከታች ባለው ክፍል ጣሪያ ሥር ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ ቧንቧው ባፈሰሰ ቁጥርም ውኃው በታችኛው ተማሪ አልጋ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ሻወሮቹን በዚያው ጫፍ አስፋፍተን የጋራ እንዲሆኑ አድርገናል፤ የሴቶችና የወንዶች ፎቅም የተለያየ ነው።

ከወለሉ መካከል ያለውና መስኮት የሌለው ቦታም ለአልጋ አልዋለም። ቀን በመብራት የሚሠራ ቢሮ እንዲህ ባለው ቦታ ሊገለገልበት ይችላል፤ ሰው ሲተኛበት ግን አየር ያስፈልገዋል። ይህ ቦታ ዕቃ ማስቀመጫና ማንበቢያ ክፍል ይሆናል።

ስለ እሳት ጥንቃቄ የምንጽፈውን በጥሞና እንድታነቡልን እንለምናለን። የኋላው ደረጃ ቢሮው በነበረበት ጊዜ ሌባን ለመከላከል ሲባል በሰንሰለት የሚቆለፍ ነበር። ከአሁን በኋላ ያ በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ በእጅ ተገፍቶ የሚከፈት፣ ከውጭ ግን የማይከፈት ይሆናል። በኮሪደሩ ላይ አልጋም ሆነ ሻንጣ ማስቀመጥ አይፈቀድም። በየክፍሉ ምድጃና የውኃ ማፍያ መጠቀምም የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱም የየክፍሉ መስመር የተዘረጋው ለመብራት፣ ለስልክና ለላፕቶፕ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ሲጫን ገመዱ ግድግዳው ውስጥ ይሞቃል። በምትኩ በየፎቁ የራሱ መስመርና ብሬከር ያለው የጋራ ኩሽና ይኖራል። በረመዳን ለሱሑር የሚነሡ ተማሪዎች ስላሉ ኩሽናው ሌሊት አይዘጋም፤ የጾምና የፍስክ ዕቃ ለየብቻ የሚቀመጥበት መደርደሪያም አለው።

ከሰልን በተመለከተ ምንም ዓይነት ልዩ ሁኔታ አናደርግም። ቡና ለማፍላትም ሆነ ለብርድ ተብሎ በተዘጋ ክፍል የሚቀጣጠል ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በክረምት እንዲህ ያለ ሐዘን በከተማችን በየጊዜው የሚሰማ ስለሆነ ወላጆች ይህን ለልጆቻችሁ ደጋግማችሁ እንድትነግሩልን እንፈልጋለን። ቡና ማፍላት ለሚወዱ ተማሪዎች በጓሮው ክፍት በረንዳ ቦታ አዘጋጅተናል።

ስለ ክፍያ ብዙ የሚባል የለም። አንዳንድ ወላጆች የዓመቱን ኪራይ አንድ ጊዜ ለመክፈል ፈቃደኝነታችሁን ገልጻችኋል፤ ስለ እምነታችሁ እናመሰግናለን። ሆኖም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ስለሚከለክል፣ እኛም ከዚያ በላይ አንቀበልም። አዋጁ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚደነግግ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ተማሪን አስወጥቶ ክፍሉን በሌላ ዋጋ ለሌላ ሰው መስጠት በእኛ ቤት አይኖርም። የአልጋው ቁጥር በማነሱ የእያንዳንዱ ተማሪ ድርሻ ከፍ ማለቱን አንክድም፤ በክፍያው ውስጥ ግን ውኃ፣ የጋራ ኩሽና፣ የሌሊት ጥበቃና በሴቶቹ ፎቅ የምታድር ተቆጣጣሪ ተካትተዋል።

የምድር ወለል ሱቆች ተከራዮቻችን ደግሞ ውላችሁ እንዳለ ይቀጥላል። የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ከእንግዲህ ማታና ቅዳሜም ገበያ እንደሚኖራችሁ እንገምታለን። ሶሌታ የሚበሳባቸውና ድምፅ የሚበዛባቸው ሥራዎች ከሱቅ መክፈቻ ሰዓት በፊት እንዲያልቁ ከሥራ ተቋራጩ ጋር ተስማምተናል፤ አቧራ ዕቃችሁን እንዳያበላሽ በደረጃው መግቢያ ላይ ሸራ ተዘርግቷል። የቢሮ ተከራዮቻችን በበኩላችሁ ውላችሁ ከማብቃቱ በፊት እንድትለቁ አትጠየቁም፤ የሚቀየሩት ፎቆች ውላቸው ያለቀባቸው ብቻ ናቸው።

የአገልግሎት ለውጥ ፈቃዱ በእጃችን ሳይገባና የእሳት መከላከያ ዝግጅቱ በባለሙያ ሳይታይ አንድም ተማሪ አናስገባም። ያስመዘገባችሁ ወላጆች ከመፈራረማችሁ በፊት ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተጠናቀቀውን ክፍል፣ ኩሽናውንና የኋላውን በር ራሳችሁ ከፍታችሁ እንድታዩ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት አድርገን እንጠብቃችኋለን። ስትመጡ የልጃችሁን የዩኒቨርሲቲ ምደባ ወረቀትና የነዋሪነት መታወቂያችሁን ይዛችሁ ብትመጡ ውሉን በዕለቱ ማዘጋጀት ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሕንፃው አስተዳደር