ነጥቧ እቤት ናት

አባዬ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? እብጠቱ ጎድሏል ብላ ጎረቤትህ ነግራኛለች፤ አንተ ስልኬን ስለማታነሳ ግን ከአፍህ አልሰማሁትም። ዛሬ 11ኛ ቀናችን ነው። ይህን ያህል ተኳርፈን መቆየታችን ትዝ አይለኝም። ስለዚህ በወረቀት ልጻፍለት አልኩ። ወረቀት ሲደወል ዘግቶ መተው የለም፤ መነጽርህን አድርገህ ሁለት ሦስቴ እንደምታነበው አውቃለሁ።

«እንደ ሻንጣ ነው እንዴ የምትከታተይኝ?» ያልከኝ ሌሊት ሌሊት ይሰማኛል። ልክ ነህ። ይቅርታ አድርግልኝ። ይቅርታዬን «ለአንተው ብዬ ነው እኮ» በሚል ነገር ላበላሸው ስለማልፈልግ፣ እንዴት እንደሆነ እንዳለ ልንገርህ።

ያን ዕለት ስልክህን የሰጠኸኝ ፊደሉን እንዳጎላልህ ነበር። አጎላሁት። አንተ ውሃ ልታመጣልኝ ስትነሳ ካርታው ውስጥ ገባሁና ያለህበትን ቦታ ለእኔ እንዲያሳይ አደረግሁት። ሦስት አራት ጊዜ መንካት ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ውሃውን ይዘህ ስትመለስ «ጨረስሽ?» አልከኝ። «ጨረስኩ» አልኩህ። አሁን ሳስበው ከነገሩ ሁሉ የምታሳፍረኝ ያቺ «ጨረስኩ» ናት።

ከዚያ ሰባት ወር ሙሉ ካርታው ላይ ያለችውን ነጥብ ሳይ ኖርኩ። ጠዋት ስነሳ አያታለሁ፤ እቤት ናት። ምሳ ሰዓት አያታለሁ፤ እቤት ናት። አመሻሽ ላይ ትንሽ ትንቀሳቀሳለች፣ ጋዜጣ ልትገዛ ወጥተህ ነው፤ ትመለሳለች። አንተ ከተቆጣህ በኋላ ነው ልብ ያልኩት፤ በፊት በየማታው እደውልልህ ነበር። ነጥቧ ከመጣች ወዲህ በሳምንት አንዴ ሆነ። «ደህና ነው፣ እቤት ነው» እልና ስልኩን ኪሴ እከተዋለሁ።

የወደቅክ ዕለትም ነጥቧ እቤት ነበረች። ስልክህን መሳቢያ ውስጥ ትተህ ወጥተሃል፣ ከአውቶቡስ ስትወርድ ወድቀሃል፣ መንገደኛ ደግፎ ሐኪም ዘንድ ወስዶሃል፣ እዚያ ተራ ስትጠብቅ 4 ሰዓት ተቀምጠሃል። እኔ በዚያ 4 ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ አይቼሃለሁ። ነጥቧን ማለቴ ነው። ሁለቴም ልቤ አርፎ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ።

«ይሄ ሳተላይት ሽንት ቤት ስገባም ያየኛል ወይ?» ብለህ ልጄን ጠይቀኸዋል አሉ። በሳቅ ልሞት ነበር፤ ግን የሞኝ ጥያቄ አይደለም። አያይህም። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ነው የሚዞሩት፣ ለስልክህ ያላቸው ሥራም መናገር ብቻ ነው። እያንዳንዱ እንደ ራዲዮ ጣቢያ «እኔ እዚህ ነኝ፣ ሰዓቴ ይህን ይላል» እያለ ሳያቋርጥ ይለፍፋል። ስልክህ ይሰማና መልእክቱ በመንገድ ላይ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ ከእያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚርቅ ይደርስበታል። ቢያንስ የ4 ሳተላይት ድምፅ ያስፈልገዋል፤ ሦስቱ ለቦታው፣ አራተኛው የስልኩን ሰዓት ለማረም፤ የስልክ ሰዓት እንደነሱ ጥንቅቅ ያለ አይደለምና። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት ቦታህን በ300 ሜትር ያሳስታል። እንግዲህ ሰማይ ላይ ያለው አንተን ጨርሶ አያውቅህም። የሚያወራብህ ኪስህ ውስጥ ያለው ነው፤ ቦታህን ካወቀ በኋላ በኢንተርኔት ለእኔ የሚልከው እሱ ነው፣ እንዲልክ ያዘዝኩት ደግሞ እኔ። «ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገርሽ» ብለህ ቀልደህብኛል አይደል? ላሟስ መሳቢያህ ውስጥ ነበረች።

አውቶቡሱ ስንት ደቂቃ እንደቀረው የሚያሳየውን፣ ፌርማታው ላይ የተተከለውን ሰሌዳ ግን በዚሁ ንዴት አብረህ አትርገመው። «ሰውን ሁሉ ዲዳ አደረገው፣ ድሮ ፌርማታ ላይ ይጨዋወት ነበር» ትላለህ። አባዬ፣ 31 ዓመት መሪ የጨበጥከው አንተ ነህ፤ ቆሜ የጠበቅሁት ግን እኔ ነኝ። ያ ጨዋታ የምትለው ግማሹ ሹፌሩን መርገም ነበር፣ አንተ ፊት ስለማይባል ነው ያልሰማኸው። ሰሌዳው «7 ደቂቃ» ካለኝ 7ቱ ደቂቃ የእኔ ነው፤ ጥላ ስር ገብቼ የትንሿን ልጄን አፍንጫ እጠርጋለሁ። ካላለኝ ያው 7 ደቂቃ ዕድሜ ልክ ነው። አዎ፣ አንዳንዴ «2 ደቂቃ» እንዳለ አምስት ደቂቃ ይቆማል። አውቶቡሱ ያለበትን ይናገራል እንጂ የሚቀጥለው መብራት ቀይ ይሁን አረንጓዴ፣ ስንት ሰው ሳንቲም ሲፈልግ በሩን ዘግቶ እንደሚቆም አያውቅም፤ ግምት ነው።

ልጅ ሆኜ «ግማሽ ሰዓት ጠፍተው ቆይተው ለምንድነው ሁለት ሁነው የሚመጡት?» ብዬህ፣ በጋዜጣ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ የሣልክልኝ ትዝ ይልሃል? ትንሽ የዘገየውን አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ብዙ ሰው ይጠብቀዋል፤ ብዙ ሰው ሲጭን ይብስ ይዘገያል፤ የኋለኛው የተራረፈውን ብቻ ስለሚያገኝ ይፈጥናል፤ በመጨረሻ ጅራቱ ላይ ይደርስበታል። የሚሰደበው የፊተኛው ሹፌር ነው፣ ሰው እስከ በሩ ጠቅጥቆ የሚያልበው። የኋለኛው ባዶውን እያፏጨ ይመጣል። ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ይህንኑ በሂሳብ ቀመር አስቀምጠውታል፤ ሳነበው ያንተ የጋዜጣ ሥዕል ነው የመጣብኝ። አንዱ መፍትሔም ያንተው ነው፤ የኋለኛውን አንድ ፌርማታ ላይ ያዝ ማድረግ። ውስጥ የተቀመጠው ተሳፋሪ ይጮሃል እንጂ ይሠራል። ለዚህ ደግሞ የትኛው የት እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ አውቶቡስን ይከታተሉት፣ ደስ ይለኛል። አውቶቡስ ለሕዝብ ቃል ገብቷል። አንተ የት ልሁን ብለህ ለማንም ቃል አልገባህም።

ስለወደቅክበትም ጎረቤትህ የነገረችኝን ሰምቼ ተናደድኩ፣ አንተ ግን ለሹፌሩ ጥብቅና ቆመሃል አሉ። «ፌርማታው ላይ መኪና አቁመውበት እንዴት ይጠጋ?» ብለህ። አንተ መቼም የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ አንድ ስንዝር ሳትጠጋ በር ከፍተህ አታውቅም፤ አሮጊት ስትወርድ መስተዋቱን እያየህ፣ ሁለተኛ እግሯ መሬት እስኪነካ ፍሬኑን አትለቅም። አሁን ያለው አውቶቡስ አየሩን በአንድ ጎን አስተንፍሶ በበሩ በኩል ዝቅ ይልልሃል፣ ጥሩ ነገር ነው። ግን ከጠርዙ አንድ ሜትር ርቆ ከቆመ ዝቅ ማለቱ ምን ይረባል? ሰው አስፋልቱ ላይ ነው የሚወርደው። እንግዲህ መኪናውን ፌርማታ ላይ ያቆመውን እንርገም፣ በእሱ እንስማማለን።

ስለ ሥራዬ «እቤት ተቀምጠሽ ምን ሥራ ይባላል» በምትለው ሁሌ እከራከርህ ነበር። ዛሬ ግማሹን ልስጥህ። በሳምንት ሦስት ቀን ከቤት እሠራለሁ፤ በመንገድ ይባክን የነበረው ጊዜ ለልጆቹ ሆኗል፣ ይህን በምንም አልለውጠውም። ግን ላፕቶፑ ላይ ስሜ አጠገብ አንዲት አረንጓዴ መብራት አለች። ጥቂት ደቂቃ ኪቦርድም ማውዝም ካልነካሁ ቢጫ ትሆናለች፤ ቢጫ ስትሆን አለቃዬ ያያታል። ስለዚህ ትንሿን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ጫማዋን ሳስር በክርኔ ኪቦርዱን እነካካለሁ። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴት፣ አባዬ፣ በክርኔ! አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ደፍሬ «ይህ እኮ አለመተማመን ነው» ብዬ ተናገርኩ፤ ባልደረቦቼ አጨበጨቡልኝ። የዚያኑ ቀን ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አንተን ካርታ ላይ ስፈልግ ነበር። ሁለቱ ነገር አንድ መሆኑ የታየኝ «ሻንጣ» ስትለኝ ነው።

አንተ ቁልፉን አስረክበህ ስትወጣ ሥራው ጋራዥ ውስጥ ይቀር ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅት የመጀመሪያው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1919 ለኢንዱስትሪ ሠራተኛ ቀኑን 8 ሰዓት፣ ሳምንቱን 48 ሰዓት ብሎ ሲወስን፣ ማሽኑ ከቆመ ሠራተኛው ቤቱ ይገባል ተብሎ ነው። የእኔ ማሽን ትራሴ ስር ያድራል። ፈረንሳዮች ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልክ ስለመዝጋት ከሠራተኞቹ ጋር እንዲደራደር በሕግ አዘዋል። ስልክ መዝጋት ሕግ የሚወጣለት ነገር ሆነ ስልህ ትስቃለህ። ሳቅ።

ነገሩን የነገረህ ልጁ እንደሆነ አውቃለሁ። ያለህበት ቦታ ለእኔ እየታየ መሆኑን ስልክህ ራሱ በየጊዜው ያስታውሳል፤ «አንብብልኝ» ስትለው አነበበልህ። አልተቆጣሁትም፤ በምን አፌ? እሱንም እከታተለዋለሁ። 13 ዓመቱ ነው፣ ስልክ የገዛንለትም በዚያ ውል ነው። ባለፈው ወር ነጥቧ ጓደኛው ቤት ሁለት ሰዓት ሳትነቃነቅ ቆየች። እያጠኑ ነው አልኩ። ማታ ሲመጣ ፀጉሩ እርጥብ ነው፤ ስልኩን የጓደኛው አልጋ ላይ ትቶ ዋና ሄዶ ኖሯል። አያትና የልጅ ልጅ ሳትመካከሩ አንድ ዘዴ! (ተመካክራችሁ ከሆነም አትንገሩኝ።) «ለምን አልጠየቅከኝም?» ስለው «ብጠይቅሽ እሺ ትዪ ነበር?» አለኝ። አልልም ነበር። ዝም አልኩ።

ትንሿን በስክሪን ታሳድጊያታለሽ ያልከውንም ልመልስና ልለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ብሏል። አብዛኛውን ቀን እንጠብቀዋለን፤ ስብሰባ የበዛብኝ ቀን አንጠብቀውም። ከአንተ ጋር በቪዲዮ የምታወራውን አልቆጥርባትም። እዚህ ላይ አትከራከረኝ።

ደግሞ አንተም ንጹሕ አይደለህም። 10 ዓመት ሲሞላኝ ብቻዬን በአውቶቡስ ትምህርት ቤት እንድሄድ ስትፈቅድ እማዬ አልቅሳ ነበር፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ። በመስመሩ ላይ ያለው ሹፌር ሁሉ የማን ልጅ እንደሆንኩ እንደሚያውቅ፣ ከማን ጋር ተሳፍሬ የት እንደወረድኩ ማታ ጋራዥ ውስጥ ይነገርህ እንደነበር የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ስቄ ተውኩት እንጂ አልተቆጣሁም። ለምን አልተቆጣሁም ስል ሰነበትኩ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠ ሰው እየተጠጋ ሲያስጨንቀኝ፣ ሹፌሩ በመስተዋት አይቶ አውቶቡሱን ጥግ አስያዘና «አንቺ ልጅ፣ ነይ ከኋላዬ ቁሚ» አለኝ። ስሜን አልጠራም፣ ያንተንም ስም አላነሳም። እስክወርድ የወንበሩን ብረት ይዤ እዚያው ቆምኩ። የብረቱ ቅዝቃዜ እስካሁን መዳፌ ላይ አለ። ያ ሰው አይቶኝ ተነሳ። እኔ አንተን ሰባት ወር አይቼ አንድ ቀን እንኳ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

እኔ በበኩሌ ከስልኬ ላይ አውጥቼሃለሁ፤ ከአንተ በኩል ግን ራስህ ትዘጋዋለህ፣ ልጁ ያሳይሃል። ሩቅ መንገድ ስትሄድ ለአንድ ሰዓት ብቻ ልክፈትልሽ ካልክ ይቻላል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል። ካልፈለግክ አልጠይቅህም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ ስልኩን ይዘህ ውጣ። ተቆልፎም ቢሆን፣ አደጋ ሲደርስ የሚደወልለትን ሰው የሚያሳይ ቦታ አለው፤ ደግፎ ያነሳህ ሰው ለማን ልደውል ብሎ እንዳይቸገር። ስሞላልህ አጠገቤ ተቀምጠህ እያየህ ነው፤ ውሃ ልታመጣ አትነሳም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱንም ይዤ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ጉልበትህ ሳይሽር ፌርማታ ድረስ እንዳትመጣ ብልህ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ፤ እንግዲያውስ ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ጠብቀን፣ ሰሌዳውም ስንት ደቂቃ እንደቀረን ይነግርሃል። ደግሞ ያ «ከኋላዬ ቁሚ» ያለኝ ሹፌር ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልነገርከኝም።

ልጅህ