የቡና ዝርያ የዲኤንኤ ምርመራ፦ ቅጠል ከመላካችሁ በፊት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣
ጅማ

የዝርያ ጥበቃ ለመጠየቅ የምትዘጋጁ ዘር አምራቾችና ችግኝ አፍዪዎች ደጋግማችሁ የምታነሱት ጥያቄ «የዲኤንኤ ውጤት ከያዝን የአዳቃይነት መብቱን እናገኛለን ወይ?» የሚል ነው። ውጤቱ ብቻውን አያሰጥም። በዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 1068/2009 መሠረት ዝርያው አዲስ፣ ከሚታወቁት የሚለይ፣ ወጥና የማይለዋወጥ መሆን አለበት። ይህ በዋናነት የሚረጋገጠው ማሳ ላይ ነው፤ ቡናው ከቅርብ ዘመዶቹ ጎን ተተክሎ ቁመቱ፣ የቅርንጫፉ አወጣጥ፣ የለጋ ቅጠሉ ቀለምና ፍሬው ይነጻጸራል።

ማርከር፣ ማለትም ዝርያን ከዝርያ ለመለየት ከዲኤንኤው ላይ የምናነበው ምልክት፣ ጥቅሙ ታዲያ ምንድን ነው? ከየትኞቹ ዝርያዎች ጎን መትከል እንዳለባችሁ ይጠቁማል። 74110፣ 74112 እና 74165 የተባሉት የቡና ዝርያዎች ሁሉም በ1974 እ.ኤ.አ. ከመቱ ቢሻሪ አካባቢ ከተሰበሰቡት የተመረጡ ናቸው። የእናንተ ቡና ለአንዱ ከቀረበ ንጽጽሩ ከእሱ ጋር ይሁን፤ ከሩቅ ዝርያ ጋር አነጻጽሮ «ይለያል» ማለት ማንንም አያሳምንም። በተቃራኒው ካቱራ ከቡርቦን ዝርያ በሚውቴሽን (በድንገተኛ የዘር ለውጥ) የወጣ አጭር ቡና ነው፤ ተራ ማርከሮች ሁለቱን ለመለየት ይቸገራሉ፣ ማሳ ላይ ግን በአንድ እይታ ይለያሉ። ስለዚህ ሪፖርታችን «ልዩነት አልታየም» ቢል ተስፋ አትቁረጡ።

አረቢካ አንድ ጣጣ አለው። 44ቱ ክሮሞዞሞቹ የመጡት ከሁለት ወላጆች፣ ካኔፎራና ዩጀኒዮይድስ ከተባሉ የቡና ዓይነቶች ነው። ማርከሩ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሲያነብ ንጹሑ ቡና ድቃይ መስሎ ይታያል። በሁሉም ናሙና ላይ «ድብልቅ» የሚል ውጤት የሚሰጥ ማርከር ካጋጠመን እንጥለዋለን። የማይክሮሳተላይት (እየተደጋገመ የሚመጣ አጭር የዲኤንኤ ክፍል) ርዝመት ደግሞ ከማሽን ማሽን በጥቂት ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ስለሚዛባ፣ ማንነቱ የታወቀ ዝርያ በዚያው የምርመራ ሳህን ላይ አብረን እናስኬዳለን። የሌላ ላብራቶሪ ቁጥር ከእኛ ጋር በቀጥታ እንድታነጻጽሩ አንመክርም።

ናሙናው ላይ የሚበላሸው ግን ይበዛል። ከእያንዳንዱ እግር ቡና ለጋ፣ ጤነኛ ቅጠል ቁረጡ፤ ዋግ የያዘው ቅጠል የፈንገስ ዲኤንኤ ይዞ ይመጣል። ያረጀ ቅጠል ስንፈጨው ይጠቁርና ዲኤንኤውን ያበላሽብናል። ቅጠሉን በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ ከክብደቱ ቢያንስ 10 እጥፍ በሚሆን ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ጠጠር) ውስጥ ቅበሩት። ፀሐይ ላይ አታስጡት። የሲሊካው ቀለም ከተለወጠ በደረቅ ተኩት፤ ቅጠሉ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ አልደረቀም። በክረምት ይህን ችላ ያለ ሰው የሚልክልን ሻጋታ ነው።

ከአንድ ዝርያ ቢያንስ 10 እግር፣ እያንዳንዱን በየራሱ ፖስታ ላኩ። ሁሉን በአንድ ከረጢት መቀላቀል ወጪ ይቀንሳል፣ ነገር ግን መሐል የገባውን ባዕድ ቡና ይደብቃል፤ ወጥነት ሲመረመር ደግሞ የሚፈለገው እሱ ነው። ፖስታው ላይ የዝርያውን ስም፣ የእግሩን ቁጥርና የማሳውን ቦታ በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ በእርጥበት ይፈስሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የላብራቶሪ ክፍል