ከደመወዝ ጭማሪ ነፃ መሆን የሚጠይቅ አሠሪ ሂሳቡን ያሳይ

ለአዘጋጁ፦

በዘርፍ ደረጃ፣ ማለትም የአንድ ዘርፍ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በጋራ፣ ስለሚያደርጉት የደመወዝ ድርድር ያወጣችሁት ጽሑፍ አቅም ያነሳቸው አሠሪዎች ከጭማሪው ነፃ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ሐሳቡን አልቃወምም። ትእዛዝ የቀነሰበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ከሚዘጋ ለጊዜው ፋታ ቢያገኝ ይሻላል። ሠራተኛውም ከነሥራው ይቆያል።

በሩ ለጠየቀ ሁሉ ወለል ብሎ ከተከፈተ ግን ድርድሩ ከንቱ ነው። እዚህ ሐዋሳ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ ልጆች አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ያድራሉ። ለእነሱ ጭማሪው የቤት ኪራይ ነው፣ የዘይትና የሽሮ መግዣ ነው። «ገበያ የለም» በሚል አንድ መስመር ማመልከቻ ሊቀር አይገባም።

የደቡብ አፍሪካ የ1995 (እ.ኤ.አ.) የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ጥሩ አብነት ነው። የዘርፍ ስምምነት በድርድሩ ያልተሳተፉ አሠሪዎችንም እንዲያስር ሲደረግ፣ ነፃ የመሆን ጥያቄ ውድቅ ሲደረግባቸው ይግባኝ የሚሰማ ገለልተኛ አካል እንዲኖር ያስገድዳል።

የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን ስለሚመለከት የደመወዝ ቦርድ ይደነግጋል። በቦርዱ ደንብ ውስጥ ይህ ይግባ፦ አመልካቹ ኦዲት የተደረገ ሂሳብ ያቅርብ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ አይቶት አስተያየቱን በጽሑፍ ይስጥ፣ ፈቃዱም ከአንድ ዓመት አይለፍ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ