በሌዘር የተቀረጸ ብረት ማረጋገጫ ከማግኘቱ በፊት፦ ለደረጃዎች መሥሪያ ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የደረጃዎችና የጥራት ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በሌዘር ረቂቅ ጥለት የተቀረጸበትን ብረት «ውኃ የማይጠጋው፣ ባክቴሪያ የማይዝበት» ብለው ለሆስፒታል ዕቃ ወይም ለምግብ ማምረቻ ማረጋገጫ የሚጠይቁ አምራቾች ወደ ቢሮዎ መምጣታቸው አይቀርም። ዋናው ልመናዬ ይህ ነው፤ ገጹ ከተቀረጸ ከስንት ቀንና ከስንት እጥበት በኋላ እንደተለካ ያልገለጸ የፈተና ውጤት አይቀበሉ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የማይዝግ ብረት በፌምቶ ሰከንድ ሌዘር፣ ማለትም የብርሃን ምቱ ከሰከንድ እጅግ ኢምንት ክፍልፋይ በማይበልጥ ሌዘር፣ ተቀርጾ ወዲያው ውኃ ቢንጠባጠብበት፣ ጠብታው አብዛኛውን ጊዜ አይንከባለልም፤ ተዘርግቶ ገጹን ያለብሰዋል። ያው ብረት አየር ላይ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ሲቆይ ግን ውኃውን መግፋት ይጀምራል፤ ጠብታው ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ150 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ጥለቱ እንደነበረ ነው። የተለወጠው ከአየር እየመጣ በላዩ የሚያርፈው እጅግ ስስ የካርቦን ውህዶች ሽፋን ነው። እንግዲህ የመጋዘኑ አየርና የታሸገበት ፕላስቲክ ሳይቀሩ በውጤቱ ውስጥ እጃቸው አለበት ማለት ነው። ጠንካራ ማጽጃ ያንን ሽፋን ሊያነሳው ይችላል፤ በሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ዕቃ በጠንካራ ማጽጃ የሚታሸው በየዕለቱ ነው። ማስታወቂያዎቹ ጠብታ ሲዘል ያሳዩናል። ብረቱ ወር ሙሉ ከታሸ በኋላ የተቀረጸ ፊልም ለማየት ግን እጅግ እጓጓለሁ።

የባክቴሪያው ነገርም ከዚህ አይቀልም። ሌዘሩ በብረት ላይ የሚያበጃቸው ሞገዳማ መስመሮች፣ ሚልተን ቢርንባም እ.ኤ.አ. በ1965 በሩቢ ሌዘር በተመታ ሴሚኮንዳክተር ላይ የዘገበው ዓይነት፣ ርቀታቸው ብዙውን ጊዜ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ጋር ይቀራረባል። ሌዘሩ 1030 ናኖሜትር ከሆነ መስመሮቹ አንድ ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት ይደረደራሉ። ስታፊሎኮከስ የተባለው ክብ ባክቴሪያ ስፋቱም ወደዚያው ይጠጋል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ከባክቴሪያው ሲጠብ መያዣው ያንሰዋል፤ ሲሰፋ ግን መጠለያ ይሆነዋል። ስለዚህ በአንድ ዝርያ ላይ የተገኘ መልካም ውጤት ስለ ሌላው አይመሰክርም። «ባክቴሪያ» ብሎ በጅምላ የጻፈ ማመልከቻ ሲመጣ «የትኛው?» ብሎ መመለስ ተገቢ ነው።

ይህን ስል ቴክኖሎጂውን ለማጣጣል አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። ምቱ እጅግ አጭር በመሆኑ ሙቀት በዙሪያው ለመስፋፋት ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ የቀለጠ ጠርዝ እምብዛም ሳይተው ይቀርጻል። በእስራኤሉ ቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ኢዝሃቅ ኤትሲዮን ያጠናቸው ጥቃቅን ጎድጓዶች፣ በፓምፕ ዘንግ ዙሪያ ፈሳሽ እንዳያመልጥ በሚገጠሙ ቀለበቶች ላይ ሲቀረጹ፣ ቅባት ይይዛሉ፣ የተፋቀ ብናኝ ያጠምዳሉ፣ ሰበቃንም ይቀንሳሉ። እዚያ የሚለካው ቀለበቱ እየተሽከረከረ ነው። ከሆስፒታል ዕቃ የምጠይቀውም ይህንኑ፣ በሥራ ላይ መለካትን ነው።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው የሠራተኞቹ ጉዳይ አለ። የብርሃኑ ጥንካሬ በካሬ ሴንቲሜትር ከ10 ትሪሊዮን ዋት ሲያልፍ፣ ከተመታው ብረት ኤክስሬይ ሊወጣ ይችላል። ጀርመን እንዲህ ያሉ ማሽኖችን በጨረራ መከላከያ ሕጓ ውስጥ አካትታለች። ከማይዝግ ብረት የሚነሳው ረቂቅ ብናኝም ክሮሚየም፣ ብዙውን ጊዜም ኒኬል አለበት። ማሽኑ በታሸገ ክፍል ውስጥ መሆኑን፣ ብናኙም ከምንጩ መሳቡን ሳያዩ ፈቃድ አይስጡ።

ለምርቱ ማረጋገጫ አዲስ ሕግ ማርቀቅ አያስፈልግዎትም። በማመልከቻው ቅጽ ላይ እነዚህ ይጨመሩ፦ ገጹ የተቀረጸበትና የተለካበት ቀን፣ በመካከሉ የታጠበበት ማጽጃና የእጥበቱ ብዛት፣ የተፈተነው የባክቴሪያ ዝርያ፣ የሌዘሩ የሞገድ ርዝመትና የምቱ ቆይታ። ሥራውን በሚገባ የሠራ አምራች እነዚህን ሁሉ መዝገቡ ውስጥ ያገኛቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
በብረታ ብረት ገጽ ላይ የሚሠራ የምርምር ባለሙያ