ከማሞቂያ ከወጡ በኋላስ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ከ1,000 ግራም በታች ሆነው ስለሚወለዱ ሕፃናት የምታወጡትን ዜና ሁሉ አነባለሁ። ልጄም ስትወለድ አንድ ኪሎ አልሞላችም ነበርና ደስታው ይገባኛል። ግን ዜናው ሁልጊዜ የሚያበቃው አንድ ቦታ ላይ ነው። ሕፃኑ ክብደት ጨመረ፣ እናቱ ታቅፋው ከሆስፒታል ወጣች፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚጠይቅ የለም።

አብዛኞቹ የሚወለዱት እርግዝናው 28 ሳምንት ሳይሞላው ነው። ሳንባቸው፣ ዓይናቸው፣ አንጎላቸው ገና እየተሠራ ነው። ምጥ ያለጊዜው ሲያሰጋ ለእናት የሚሰጠው ስቴሮይድ (የሕፃኑን ሳንባ የሚያጠነክር መድኃኒት) እና ለሕፃኑ ሳንባ የሚሰጠው ሰርፋክታንት (ሳንባው አየር ይዞ እንዲቆይ የሚረዳ መድኃኒት) ከመጡ ወዲህ የሚተርፉት በጣም ጨምረዋል፤ ተመስገን። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር)፣ ዓይነ ስውርነት ወይም መስማት አለመቻል የሚደርስባቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ብዙዎቹን የሚያጋጥመው ግን ከላይ ሲያዩት የማይታወቅ ችግር ነው። ሒሳብ ይከብዳቸዋል፣ ትኩረታቸው ይበተናል፣ እጃቸው እንደ ልብ አይታዘዝላቸውም፣ ቶሎ ይጨነቃሉ።

ይህ ደግሞ ጎልቶ የሚወጣው ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። በብዙ ቦታ የሐኪም ክትትሉ የሚቋረጠው ግን 2 ዓመት ሲሞላቸው ነው። (እስከዚያ ድረስ ዕድሜያቸው የሚሰላው መወለድ ከነበረባቸው ቀን ጀምሮ ነው። ይህን የሚነግረን አጥተን "እስካሁን ለምን በእግሯ አልሄደችም?" እያልን ስንቶቻችን ተጨንቀናል!)

ልጄ ማንበብ ትወዳለች፣ ተረት ስትተርክ አፍ ታስከፍታለች። ከሰሌዳ ላይ ቁጥር ስትገለብጥ ግን መስመሩ ይጠፋባታል። "መጽሐፍሽን አውጪ፣ ገጽ 12ን ግለጪ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ ሥሪ" ስትባል መጽሐፉን ታወጣለች፣ ገጹን ትገልጣለች፣ ከዚያ ቀና ብላ ጎኗ ያለችውን ልጅ ታያለች። መምህሯ "ስንፍና ነው፣ ብትፈልግ ትችላለች" አሉኝ። በመምህሯ አልፈርድም። ስናስመዘግባት ስለ ክትባቷ ተጠየቅን፤ ስንት ግራም ሆና እንደተወለደች የጠየቀን ግን የለም። መምህሯ ይህን ቢያውቁ ትእዛዙን አንድ በአንድ ይነግሯት ነበር። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው!

ጉዳዩ በልጅነትም አያበቃም። ደም የሚያጣሩት የኩላሊት ክፍሎች ተሠርተው የሚያልቁት 36ኛው የእርግዝና ሳምንት አካባቢ ነው። ቀድሞ የተወለደ ልጅ ከሌላው በቁጥር ያነሱ ይዞ ሊያድግ ይችላል። የደም ግፊት ሲያድጉም ያሰጋቸዋል፣ የሳንባቸው አቅምም ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ የ30 ዓመት ሰው እንኳ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ የልደት ክብደቱን ቢናገር ይጠቅመዋል።

ወላጅ እንዲደነግጥ አይደለም የምጽፈው። በካናዳ ኦንታሪዮ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1977 እስከ 1982 ድረስ የተወለዱ እንዲህ ያሉ ልጆችን ተመራማሪዎች እስከ ጉልምስና ተከታትለዋቸዋል። በአፍላነታቸው ሲጠየቁ አብዛኞቹ ለሕይወታቸው ከፍተኛ ነጥብ ሰጥተዋል። በ20ዎቹ መጀመሪያ በትምህርትም በሥራም ከእኩዮቻቸው ብዙ አልራቁም። 30ዎቹን ሲይዙ ግን በሥራና በገቢ ልዩነት ታየ። ይህ የታወቀው ሳይሰለች የተከታተላቸው ስለነበረ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ዜና በድጋሚ ስትሠሩ ሆስፒታሉን አንድ ጥያቄ ጨምራችሁ ጠይቁልን፦ ይህ ሕፃን 7 ዓመት ሲሞላው የሚያየው ማን ነው? መልሱንም አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት እናት